የደብረ ብርሃን ብርሃንና የመለየት ጸጋ

ደብረ ብርሃን የተቆረቆረችው በአንድ ምልክት ትርጓሜ ላይ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ለንጉሥ አንሰግድም ካሉት ከደቂቀ እስጢፋኖስ ወገን የሆኑ መነኮሳትን በድንጋይ ካስወገሩ ከ38 ቀናት በኋላ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ንጉሡ «እግዚአብሔር ፍርዴን ወደደልኝ» ሲሉ ተረጎሙት፤ በስፍራው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ቤተ መንግሥት ተከሉ፣ የቀረ ዘመናቸውንም አብዛኛውን እዚያው አሳለፉ። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ነገሩን በ1456 እ.ኤ.አ. ላይ አኑሮ፣ ብርሃኑ የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን እንደማይቀር ይሞግታል። በዚያው ዓመት ኦቶማኖች ቤልግሬድን ከብበው ነበርና አውሮፓውያን ኮከቡን ከቱርክ ጦር ጋር አያይዘው ፈሩት። ስለ እስጢፋኖሳውያን የሰማ በዚያ አልነበረም።

ብርሃኑ ኮከብ መሆኑ ምልክትነቱን አያፈርሰውም። የሰብአ ሰገልን ታሪክ የሚያምን ክርስቲያን «ፍጥረት አይናገርም» ሊል አይችልም። የሚያሳስበው የተርጓሚው ነገር ነው። ፈራጁ ንጉሡ፣ ተርጓሚው ንጉሡ፣ በትርጓሜው የጸናው ዙፋንም የንጉሡ ነበር። «ጃንሆይ፣ ምናልባት ሰማዩ ስለ ሟቾቹ መስክሮ ይሆን?» የሚል ሰው ቢገኝ ዕጣው የታወቀ ነው። የሰሜን ሸዋው የሸንኮራ ልጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «በሕግ አምላክ» በተሰኘው መጽሐፋቸው የደቂቀ እስጢፋኖስን ገድል ለአማርኛ አንባቢ ባያቀርቡልን ኖሮ፣ የተወጋሪዎቹን ድምፅ ብዙዎቻችን አንሰማውም ነበር። ለንጉሥ አንሰግድም ያሉት እነዚህ መነኮሳት ሃይማኖታቸውን እስከ ሞት የጠበቁ ሰዎች ናቸው።

ዘርዐ ያዕቆብ መንፈሳዊውን ነገር የናቁ ሰው አልነበሩም፤ ይህ ነው ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገው። ጥንቆላን አጥብቀው ተዋግተዋል፤ ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጁ ሰይጣንን የካደበትን ቃል እንዲጽፍ አዝዘዋል። ደስክና ዲኖ የተባሉትን ጣዖታት አምልከዋል ተብለው የተከሰሱ ልጆቻቸውን እንኳ አልማሩም። ሐሰተኛን መንፈስ የማሳደድ ቅንዓት ነበራቸው። የራሳቸውን ትርጓሜ ግን ማንም እንዲመረምረው አልፈቀዱም።

የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው የአንኮበር ታሪክም ከዚህ አይርቅም። «ፍካሬ ኢየሱስ» የተሰኘው የትንቢት መጽሐፍ ቴዎድሮስ የተባለ ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ፣ በዘመኑም ሰላምና ጥጋብ እንደሚሆን ይናገራል። ካሳ ኃይሉ በ1855 እ.ኤ.አ. ሲነግሡ ያንን ስም ያዙ፤ በዚያው ዓመት ወደ ሸዋ ዘመቱ። የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሞቱ፣ ልጃቸው ሕፃኑ ምኒልክ ተማርከው ሄዱ። አንኮበር ከትንቢቱ ንጉሥ ያገኘችው ዘመቻን ነው።

ዛሬ ዙፋኑ የለም፤ በቦታው ግን ካሜራና ድምፅ ማጉያ ቆመዋል። በፕሮቴስታንቱ ወገን «ነቢይ»፣ በኦርቶዶክሱ ወገን «አጥማቂ» ወይም «ባሕታዊ» ተብሎ ሰው ይሰበስባል። የትንቢት ጸጋ በዘመናችን ተቋርጧል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ለዚህ የሚበቃ ማስረጃ በቅዱስ መጽሐፍ አላይም። ጳውሎስ ትንቢትን መናቅ ከልክሏል። ወዲያው ግን ሁሉን እንድንመረምር አዝዟል፤ ለቆሮንቶስ ሰዎችም ነቢያት ሲናገሩ ሌሎች እንዲለዩ ሥርዓት ሠርቷል። መናፍስትን መለየት ራሱ ከጸጋዎቹ አንዱ ነው። እንግዲህ «የተቀባውን አትንካ» እየተባለ ምእመን ዝም የሚሰኝበት ጉባኤ፣ ምንም ያህል ተአምር ቢታይበት፣ ከጸጋዎቹ አንዱን አስወጥቷል። ዘርዐ ያዕቆብ ያጡት ይህንኑ ነበር።

የሐዋርያት ሥራ ስለ አጋቦስ የሚተርከው ደግሞ ሌላ መለኪያ ይሰጠናል። አጋቦስ ረሃብ እንደሚመጣ በመንፈስ ተናገረ። የአንጾኪያ ምእመናን የሰማዩን ቀመር ለመቁጠር አልተቀመጡም፤ ለነቢዩም መባ አላመጡም። እያንዳንዱ እንደ አቅሙ አዋጥቶ በይሁዳ ለሚኖሩ ወንድሞች ርዳታ ላከ። ትንቢቱ ወደ ተራቡት አደረሳቸው።

ደብረ ብርሃን ባለፉት ዓመታት ከቀያቸው የተፈናቀሉ እጅግ ብዙ ወገኖችን አስጠግታለች። ቤቱን ያጣ ሰው «መቼ እመለሳለሁ?» ብሎ የሚጠይቀው ከልቡ ነው፤ ለዚህ ሰው ቀን ቆርጦ ተስፋ የሚሸጥለትም አይጠፋም። ሰባክያንና ካህናት ሆይ፣ በስማችሁ የሚነገረውን ትንቢት በአደባባይ መርምሩ፤ ያልተፈጸመውንም አልተፈጸመም በሉ። አንተም ምእመን፣ ነቢይ ነኝ ባይ ሲነግርህ መጀመሪያ ጠይቀው፦ «ሊመረምርህ የሚችል ማን አለ? ቃልህስ ለተፈናቀለው ምን አመጣለት?»