የንጉሡ ምላስና የተማሪያችን ምላስ

በዚህ እትም የምናነሳው ፊልም «ዘ ኪንግስ ስፒች» ይባላል፤ «የንጉሡ ንግግር» ማለት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በዓመቱ 4 ኦስካር ወስዷል። እኛ መምህራን ግን ያየነው በቅርቡ ነው፤ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተፋፍገን።

ታሪኩ የእንግሊዙ ንጉሥ የጆርጅ 6ኛ ነው። ሰውዬው ሲናገር ይንተባተባል። አንዱ ሐኪም አፉን በብይ ሞልቶ «አንብብ» ይለዋል። አባቱ ደግሞ ወረቀት አስይዞ ይጮህበታል። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ አፈርን። ክፍል ውስጥ የምናደርገው ይሄንኑ ነዋ!

በኋላ ሎግ የሚባል አውስትራሊያዊ ይመጣል። የሕክምና ዲግሪ የለውም፤ ግን ጊዜ ሰጥቶ ያዳምጣል። ፊልሙን የወደድንለት ለዚህ ነው። ደራሲው ዴቪድ ሳይድለር ራሱ በልጅነቱ ይንተባተብ ስለነበር ሕመሙን ያውቀው ነበር። መጨረሻም ላይ «ሙሉ በሙሉ ዳነ» ብሎ አይዋሸንም። ንጉሡ በ1939 የጦርነቱን ንግግር ሲያደርግ አሁንም ይደናቀፋል፤ ግን ይናገራል።

ያልተስማማንበትም አለ። አንደኛ፣ ሕክምናው በእውነት የተጀመረው በ1926 ነው፤ በ1927 ካንቤራ ላይ ያደረገው ንግግርም ተሳክቶለታል። ፊልሙ ይህን ወደ 1930ዎቹ ገፍቶታል። ይህስ ለድራማ ነው እንበል። ሁለተኛው ግን ከበድ ይላል፤ ጥፋቱን ሁሉ በአባትና በሞግዚት ላይ ይጥላል። ዛሬ እንደሚታወቀው መንተባተብ ከአንጎል አሠራርና ከዘር ጋር የተያያዘ ነው። ጩኸትና ፌዝ ያባብሱታል እንጂ አይፈጥሩትም። ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ ራሳችሁን አትውቀሱ። ብዙ ቋንቋ መስማትም አያመጣውም።

እኛም ተሳስተናል። አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ እንግሊዝኛ ሲያነብ ዝም ሲል «ሰነፍ ነው» አልነው። እናቱን ስንጠይቅ ቤትም በሶማሊኛ እንደሚንተባተብ ነገረችን። ቀድመን መጠየቅ ነበረብን! ችግሩ በአዲሱ ቋንቋ ብቻ ከታየ ልጁ ገና እየለመደ ሊሆን ይችላል፤ በአፍ መፍቻውም ካለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ልጁ ዛሬም የንባብ ቀን ሲሆን ይቀራል።

ሎግ እዚህ ካምፕ የለም። ከሎግ ልንወስደው የምንችለው ግን አለ፦ ቃሉን አንጨርስለት፣ «ቀስ በል፣ ተንፍስ» አንበለው፣ የሚስቁትን እናስቁም፣ ከጓደኛው ጋር እኩል እናስነብበው። አብረው ሲያነቡ ብዙዎቹ አይደናቀፉም። ከመቶ 5 ያህል ሕፃናት ይንተባተባሉ፤ አብዛኞቹም ሲያድጉ ይተዋቸዋል። የማይተወው ልጅም ቢሆን ተራው ሲደርስ መጠበቅ አለብን። ንጉሡን ዓለም ሁሉ ጠብቆታል፤ ይህን ልጅ 90 ተማሪ ቢጠብቀው ምን አለበት?