ከተማ የወለደ ጣቢያ

ድሬ የሄደ ሁሉ ለገሀር ፊት ፎቶ ይነሳል። እኔም ተነስቻለሁ። ዋናው ነገር ግን ፎቶው ላይ አይወጣም፤ የአሮጌው ባቡር ጣቢያ ትልቁ ውበት አቀማመጡ ነው።

የሐረር ተራራ ለባቡር ስለከበደ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ከተማዋም በዙሪያው በቀለች። «አዲስ ሐረር» ብትባልም ሕዝቡ ድሬዳዋ እንዳላት ቀረ። ከባቡር የወረደ ሰው ከበሩ ሲወጣ የከዚራ ቀጥ ያሉ፣ ዛፍ ያጠላባቸው መንገዶች ይቀበሉታል። በቃ፣ ከተማ ገብቷል።

ናፍቆት ግን አያታልለን። ያው ፕላን ከተማዋን ለሁለት ከፍሏታል፦ የኩባንያው ከዚራ ወዲህ፣ መጋላ ከደቻቱ ወዲያ።

አዲሱ ጣቢያ በጣም ሰፊ ነው፣ ያለው ግን ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። እዚያ የወረድኩ ቀን መጀመሪያ የጠየቅኩት «ድሬ የታለች?» ብዬ ነው። የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ስለሆነ አዲሱ ባቡር ቢፈልግ እንኳ ለገሀር መግባት አይችልም።

ስለዚህ አሮጌውን ጣቢያ ቀለም ቀብተን የፎቶ ቦታ ብናደርገው አይበቃኝም። ቀጣዩን ጣቢያ የሚነድፍ ሰው መጀመሪያ እዚህ በር ላይ ቆሞ ከተማዋን ይያት። ከዚያ ደቻቱን ተሻግሮ መጋላን ይይ።