የቤት ፊትና የቤት ጀርባ

«የቤት አመል ገበያ ይወጣል» ይባላል። በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ፥ በሮያል ክሬሰንት መንገድ የሚገኘው ቁጥር 1 ቤት ግን የገበያውን አመል ከቤቱ አመል ለይቶ የያዘ ነውና፥ አሠራሩን መመርመር ይጠቅማል። ባዝ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1936 እስከ 1940 በስደት የተቀመጡባት ስለ ሆነች፥ ስሟ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም።

ይህ ቤት፥ እንደ አባቱ ጆን ውድ ተብሎ የሚጠራው መሐንዲስ ባወጣው ንድፍ ከ1767 እስከ 1774 ከተሠሩት 30 ተያያዥ ቤቶች የመጀመሪያው ነው። ቤቶቹ በግማሽ ጨረቃ አምሳል ጎብጠው ይቆማሉ። ፊታቸው ማር በሚመስል የባዝ ድንጋይ የተገነባ ሲሆን፥ ከምድር ቤቱ በላይ 114 አዕማድ ተሰልፈውበታል። ከሩቅ የሚያይ ሰው አንድ ታላቅ ቤተ መንግሥት ያየ ይመስለዋል።

ወደ ጓሮ የዞረ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መሐንዲሱ አንድ መልክ የሰጠው ለፊቱ ብቻ ነበርና፥ የቀረውን እያንዳንዱ ገዢ በራሱ ሠሪ እንደ ፈቃዱ አሠራው። ስለዚህ ጣራው ከፍና ዝቅ ያለ፥ መስኮቱም ልዩ ልዩ ሆነ።

ይህን ግብዝነት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን አልስማማም። የቤት ፊት የመንገደኛው ነው፤ ጀርባው ግን የባለቤቱ ነው። ባለቤቶቹ ሁሉ በፊት ለፊት በኩል የግል ፈቃዳቸውን ባይተዉ ኖሮ፥ ያ ውበት ከቶ ባልተገኘም ነበር።

የምነቅፈው ሌላ ነው። የቤቱ ክብር ከመሬት በታች ባሉ ክፍሎች በሚደክሙ አገልጋዮች ላይ የቆመ ሆኖ ሳለ፥ የተዋበው ፊት ስለ እነርሱ አንዳች አይናገርም።

ቤቱ በእንግሊዝ የቅርስ መዝገብ አንደኛ ደረጃ የተሰጠው ሲሆን፥ በ1970 ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ ተከፈተ። ለአገልጋዮች ሥራ የተሠራው የጎኑ ክፍል ግን ተለይቶ ቆይቶ፥ ከዋናው ቤት ጋራ እንደገና ተገናኝቶ የተከፈተው በ2013 ነው። በኔ አስተያየት ቤቱ ሙሉ ቅርስ የሆነው ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ቅርስ እንጠብቃለን የምንል ሁሉ፥ ዓምዱን ስንጠግን ማድ ቤቱን አንርሳ።