ፄዋና ጨዋ፤ ስለ አንድ የጭፍራ ስም ትርጓሜና አገባብ

የደሴ ሰው ሰፈርህ ወዴት ነው ቢሉት ሆጤ ነው ብሎ ይመልሳል። ሰፈር ማለት ግን አስቀድሞ ሠራዊት ያረፈበት ቦታ ነበረ፤ በኦሪት ዘኍልቍም የእስራኤል ነገዶች በየዓላማቸው የተቀመጡበት ስፍራ በአማርኛው መጽሐፍ ሰፈር ይባላል። የጦር ቃል እንዲህ ወደ መንደርና ወደ ቤት ሲገባ መነሻው ይረሳል። ከእንዲህ ያሉት ቃላት ሁሉ ይልቅ አንባቢን የሚያስተው ጨዋ የሚለው ነው።

ዛሬ ጨዋ ሲባል ሁለት ነገር ይሰማል። አንደኛው አሳዳጊ ያልበደለው፥ የደኅና ሰው ልጅ ማለት ነው። ሁለተኛው በቤተ ክህነት አነጋገር ካህን ያልሆነ፥ መጽሐፍም ያልተማረ ሰው ነው። በቀደሙት ነገሥታት ዜና መዋዕል ግን ጨዋ ጭፍራ ነው፤ ይኸውም ስም የወጣለት፥ አለቃ የተሾመለት፥ ንጉሡ በየአገሩ አስቀምጦ ዳር ድንበር የሚያስጠብቀው ጦር። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንዲህ ያለውን ጨዋ በየአውራጃው አኑረዋል። ከጭፍሮቹ አንዱ ጃን አሞራ ይባል ነበር፤ ስሙ እስከ ዛሬ በስሜን የወረዳ ስም ሆኖ ይኖራል። ጃን የተባለውም ጃንሆይ በምንለው ውስጥ ያለው የንጉሥ መጠሪያ ነው። እንግዲህ በዚያ አገር ጨዋ ተቀመጠ የሚለውን አግኝቶ መልካም ጠባይ ያላቸው ሰዎች መጡ ብሎ የሚፈታ ሰው ታሪኩን ከሥሩ ያጣዋል። የመጣውስ ባላገሩ ከምድሩ ፍሬ የሚቀልበው የታጠቀ ጦር ነው።

የቃሉ ሥር ወዴት ነው ቢሉ፥ በግእዝ ፄወወ ማረከ ማለት ነው፤ ፄዋ ምርኮ፥ ፄዋዌም መማረክ፥ ተማርኮ መሄድ ነው። በማቴዎስ ወንጌል መጀመሪያ ትውልዱ ሲቈጠር የባቢሎን ምርኮ የተጠራው በዚሁ በፄዋዌ ነው። ጨዋን ከጨው የሚያወጣ፥ የምድር ጨው ከተባለውም ጋር የሚያያይዝ ሰባኪ ቢኖር ግን ለጆሮ የጣፈጠ ነገር ተናገረ እንጂ ቃሉን አልፈታም። እርግጥ ነው፥ የግእዙ ጼው በአማርኛ ጨው እንደ ሆነ፥ ፄዋም ጨዋ ሆኗል፤ የድምፁ መንገድ አንድ ነው። ነገር ግን ጼው በጸሎቱ ጸ፥ ፄዋ በፀሐዩ ፀ ይጻፋሉ። በጥንት ዘመን የሁለቱ ፊደላት ድምፅ የተለያየ ነበረ፤ ዛሬ በንባብ አንድ ስለ ሆኑ ጸሐፊውም አንዱን ለሌላው ያገባዋል፤ አታሚውም የጸሐፊውን ይከተላል። ፊደል ይበዛብናል፥ እኩሌቶቹ ይቀነሱልን የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነበር።

ምርኮኛ ስለ ምን ወታደር ተባለ? እኔ እንደሚመስለኝ ድል ያደረገ ንጉሥ የማረከውን ሁሉ አይገድልም፤ አስታጥቆ ከአገሩ ያርቀዋል፤ በዚያም ከንጉሡ በቀር ዘመድ የሌለው ታማኝ ጭፍራ ይሆነዋል። ጭፍራው ርስትና ጉልት ባገኘ ጊዜ ልጁ የጨዋ ልጅ ተብሎ ከበረ። ወታደርም ካህን አይደለምና በቤተ ክህነት አፍ ጨዋ ያልተማረ ማለት ሆነ። ክብሩም ነቀፋውም ከአንድ ምንጭ ወጡ።

አሁን ወደ መዝሙር 67፥ 19 እንምጣ። ነቢዩ ወደ አርያም ስለ ወጣው ሲናገር ፄዋ የሚለውን ያነሣል፤ ሐዋርያውም በኤፌሶን 4፥ 8 ይህን ለጌታ ዕርገት ይጠቅሰዋል። በዚህ ስፍራ ፄዋ ጭፍራ ነው የሚል ቢነሣ አንቀበለውም። ስለ ምን ቢሉ መዝሙረ ዳዊት ወደ ግእዝ የተመለሰው ከጽርእ ነው፤ የጽርኡም ቃል ምርኮን እንጂ ሠራዊትን አያሳይም። ጭፍራ የሚለው ፍች በኋላ ዘመን በኢትዮጵያ ነገሥታት ቤት የተገኘ ነውና ወደ ኋላ ተመልሶ በዳዊት አፍ አይገባም። ይሁን እንጂ ሐዋርያው ጥቂት ወረድ ብሎ በቍጥር 11 ሐዋርያትን፥ ነቢያትን፥ ወንጌል ሰባኪዎችን፥ እረኞችንና መምህራንን የተሰጡ ስጦታዎች አድርጎ ይቈጥራል፤ ራሱም አሳዳጅ ሳለ በደማስቆ መንገድ የተያዘ ነው። መምህር የጨዋን ታሪክ በዚህ ላይ ለምሳሌ ቢያመጣው አንነቅፈውም፤ የቃሉ ፍች ይህ ነው ቢል ግን እንከለክለዋለን።

የአማርኛው መጽሐፍ ተርጓሚዎች በማቴዎስ 26፥ 53 የሮም ሰዎች ሌጌዎን ለሚሉት፥ እስከ ስድስት ሺህ ሰው ለሚደርሰው ጦር፥ ጭፍራ የሚለውን ቃል መረጡ፤ በማርቆስ 5፥ 9 ግን ሌጌዎን ስም ሆኖ ስለ ተነገረ እንዳለ ተዉት። ጨዋ የሚለውን ለዚህ ሊያገቡት አይችሉም ነበር፤ ቃሉ ጋሻውን ጥሎ ብዙ ዘመን ሆኖታልና፥ የሆጤ አንባቢ ከአሥራ ሁለት የሚበልጡ ትሑታን መላእክት ብሎ በሰማው ነበር።