የማሽላው ካርታና የ98 ሐረጎች ምስክርነት

ስለ ድርቅና ስለ ሰብል የሚጻፈውን የሚከታተል አንባቢ ቢ35 የሚባለውን ማሽላ ሳያገኝ አይቀርም። ስሙ የላቦራቶሪ ቁጥር ቢመስልም ትውልዱ ከኢትዮጵያ የገበሬ ማሽላ ነው። ካበበ በኋላ ዝናብ ቢቋረጥ፣ የሌላው ቅጠል ሲጠወልግ የእርሱ ለምለም እንደሆነ ይቆያል። ሚቸል ቱይንስትራ፣ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ጥናት ይህን ባሕርይ የሚያወርሱት ዘረመሎች በክሮሞዞም ላይ የት የት እንደሚገኙ ይመረምራል። ሥራው ምስጋና ይገባዋል፤ ምስጋና ብቻውን ግን ሂስ አይሆንም።

ተመራማሪዎቹ ቢ35ን፣ ከአበባ በፊት ድርቅን ችሎ ከአበባ በኋላ ከሚረታው ቲኤክስ7078 ጋር አዳቅለው 98 የጸኑ ሐረጎችን መዘኑ። 13 ሥፍራዎችን አገኙ፤ ሁለቱ በምርትና በቅጠል ልምላሜ ላይ ጎላ ያለ ኃይል አላቸው። እነዚሁ ሁለቱ ውኃ በጠገበው ማሳም ከምርት ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል፤ በእኔ ግምት የጥናቱ ዋና ቁም ነገር ይኸው ነው።

ቅሬታዬ በቁጥሩ ላይ ነው። እንዲህ ያለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም በክሮሞዞሙ ላይ እየተራመደ፣ የተገኘው ልኬት በዚያ ነጥብ ዘረመል ቢኖር የመታየት ዕድሉ ባይኖር ከሚሆነው ስንት እጥፍ እንደሚበልጥ ያሰላል፤ ሎድ 3 ማለት 1000 እጥፍ ነው። ይሁን እንጂ ከመስፈርቱ ያለፈውን ብቻ ስለሚያስቀር፣ አጋጣሚ ያገነነውንም አብሮ ይመርጣል። ዊልያም ቢቪስ እ.ኤ.አ. በ1994 በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳየው፣ ሐረጎቹ 100 ሲሆኑ የዘረመሉ ድርሻ እጅግ ተጋኖ ይታያል፤ 500 ሲሆኑ ግነቱ ይቀንሳል፤ 1000 ሲደርሱ ወደ እውነቱ ይጠጋል። ስለዚህ የሁለቱን ሥፍራዎች መኖር እቀበላለሁ፤ የተሰጣቸውን ክብደት ግን በጥርጣሬ እመለከታለሁ።

ሌሎች ተመራማሪዎች ከዚሁ ከቢ35 በወጡ ሌሎች ድቅሎች አራት ዋና ዋና ሥፍራዎችን ለይተዋል። አንድሪው ቦሬልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ምክንያቱን አብራሩ፦ እነዚህ የክሮሞዞም ክፍሎች የጎን ቡቃያን ስለሚቀንሱ፣ ከአበባ በፊት የተቆጠበው ውኃ ፍሬው ለሚሞላበት ጊዜ ይተርፋል። ይህን ያስገኘው ቅጠልንና ውኃን በትዕግሥት መለካት ነው፤ ፕሮግራሙ ብቻውን አይነግረንም ነበር።

አር/ኪውቲኤልን የመሰለ ፕሮግራም ዛሬ በነጻ ይገኛል፤ በዚህ ረገድ ኦስሎ ከመልካሳ አትበልጥም። የሁለት ወላጆች ካርታ ግን የሁለቱን ልዩነት እንጂ የወሎና የሐረርጌ ማሳ የያዘውን ሁሉ አያሳይም። 500 ሐረግ በሁለት ድግግሞሽ ሲዘራ 1000 የሙከራ መደብ ነው፤ ቆቦ ላይ ይህን የሚዘራው፣ የሚያርመውና የሚለካው ሰው ደመወዝ ከየትኛው በጀት ይወጣል?