ብርሃን በጣሪያ በኩል፦ የጆን ሶን ቤትና የጋራ ግድግዳ ጣጣ

ለንደን ውስጥ፣ በሊንከንስ ኢን ፊልድስ አደባባይ ሰሜናዊ ዳር፣ ከቁጥር 12 እስከ 14 ያሉት ሦስት ቤቶች ዛሬ የሰር ጆን ሶን ሙዚየም ናቸው። ስለ ቤቱ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የሚያተኩረው አርክቴክቱ በሰበሰበው ዕቃ ላይ ነው፤ በፈርዖን ሴቲ ቀዳማዊ የአልባስጥሮስ ሬሳ ሣጥን፣ በሆጋርት ሥዕሎች፣ ከጥንት ሕንፃዎች በተለቀሙ ስብርባሪዎች። በእኔ እምነት ይህ አነባበብ ቤቱን ዕቃ ቤት ያደርገዋል። ሶን እዚህ ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ከአንድ ተራ ችግር ጋር ነው፦ ግራና ቀኙ በጎረቤት ግድግዳ የተዘጋ ቤት መሀሉ ይጨልማል።

ችግሩ የለንደን ተያያዥ ቤቶች ሁሉ ነው። መሬቱ የሚሸነሸነው ግንባሩ እየጠበበ፣ ጓሮው እየረዘመ ስለሆነ መስኮት የሚወጣው ከፊትና ከኋላ ብቻ ነው። ከ1666ቱ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) ታላቅ ቃጠሎ በኋላ በየጊዜው የወጡት የግንባታ ሕጎች ደግሞ የጋራውን ግድግዳ ይበልጥ አጠነከሩት። የ1774ቱ ሕግ መኖሪያ ቤቶችን በአራት ደረጃ መድቦ የግድግዳቸውን ውፍረት ወሰነ፤ የመስኮቱ የእንጨት ሣጥንም ከጡቡ ኋላ ገብቶ እንዲደበቅ አስገደደ። የጆርጂያን ዘመን ጨዋነት እያልን የምናደንቀው ወጥነት እኩሌታው የእሳት ፍራቻ ነው።

የግንበኛ ልጅ የሆነው ሶን በ1788 የእንግሊዝ ባንክ አርክቴክት ሆኖ ተሾመ። ቁጥር 12ን የገዛው በ1792 ነው፤ በባንኩ የመጀመሪያዎቹን ትልልቅ አዳራሾች እየሠራ ሳለ። ይህ መገጣጠም የሚገባውን ያህል የተጤነ አይመስለኝም። ባንኩ ለደኅንነት ሲባል ወደ ጎዳና መስኮት አልነበረውም፤ አዳራሾቹ ብርሃን የሚያገኙት ከላይ ነበር። ዘራፊን ለመከላከል የተዘጋው ግንብና እሳትን ለመከላከል የተዘጋው ግድግዳ አርክቴክቱን ያስገቡት ወደ አንድ ጣጣ ነው። ሶን ቤቱን የሠራው በባንኩ ትምህርት ነው ማለት ይቻላል።

ለዚህ ማስረጃ፣ ኋላ የገዛው የቁጥር 13 ቤት የቁርስ ክፍል ይበቃል። ቤቱ በ1812 ፈርሶ እንደገና ሲሠራ የተነሣ ትንሽ ክፍል ነው። ዝቅ ያለ ጉልላቱ በማዕዘኖቹ ላይ በቆሙ ቀጫጭን ምሶሶዎች ላይ አርፏል። በሁለት ወገን ግን ግድግዳው ጋ ሳይደርስ ያቆማል፤ በዚያ ክፍተት ቀና ያለ ሰው የጣሪያ መስኮት ያያል። ጠረጴዛው አጠገብ የተቀመጠ ግን ምንጩን አያይም፤ የሚያየው ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሲበራ ብቻ ነው። ከጉልላቱ አናት ሌላ ብርሃን ይወርዳል፤ ማዕዘኖቹ ላይ የተተከሉት ክብና ቆልመም ያሉ መስተዋቶች ደግሞ ክፍሉን አሳንሰው መልሰው ያሳዩታል። በሌሎች ክፍሎች ቢጫ መስታወት እየገባ ደመናማውን የለንደን ሰማይ ፀሐያማ ያስመስለዋል። ይሄኛው ትንሽ ማታለል ነው፤ እኔ የቁርስ ክፍሉን ሐቀኛ ብልሃት እመርጣለሁ።

ከቁጥር 14 ጀርባ በ1824 የተጠናቀቀው የሥዕል ክፍል የብርሃን ሳይሆን የግድግዳ እጥረት መልስ ነው። ጎንና ጎኑ አራት ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ ከመቶ በላይ ሥዕል ይይዛል፤ ምክንያቱም ግድግዳው እንደ መዝጊያ ተከፍቶ ከኋላው ሌላ ሥዕል ይገለጣል። በአንድ ወገን የመጨረሻው መዝጊያ ሲከፈት ምድር ቤቱ ቁልቁል ይታያል።

የቁጥር 13 የፊት ገጽ ግን ጠብ አስነሥቷል። ሶን በ1812 ከጎረቤቶቹ የጡብ መስመር አልፎ የወጣ የፖርትላንድ ድንጋይ ሰገነት ሲያቆም፣ የአካባቢው የግንባታ ተቆጣጣሪ የ1774ቱን ሕግ ጥሷል ብሎ ከሰሰው። ሶን ረታ፤ ሰገነቱም ዛሬ ድረስ ከረድፉ አፈንግጦ ቆሟል።

ይህን ሁሉ አይቶ ቤቱን ለተያያዥ ቤቶች አርአያ ማድረግ ግን ስሕተት ነው። የቁርስ ክፍሉ ከላይ ብርሃን ያገኘው በላዩ ፎቅ ስላልተሠራበት ነው፤ ለክፍሎቹ ቦታ የተገኘውም ከቤቶቹ ኋላ የነበሩት የፈረስ ጋጣዎች ስለተነሡ ነው። አንዲት ጠባብ ቤት ብቻ ያለው ሰው ይህን ማድረግ አይችልም፤ ሶን ግን እየቆየ የጎረቤት ቤቶችን እየገዛ ሄደ። ለዚያውም ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አልያዘም፦ ወደ ቁጥር 13 ሲዛወር ቁጥር 12ን አከራየ፤ ከቁጥር 14ም ለራሱ ያስቀረው ጀርባውን ነው።

በ1833 ፓርላማው ቤቱንና ስብስቡን በተቻለ መጠን ባለበት እንዲጠበቅ የሚያደርግ ሕግ አወጣ፤ ሶን በ1837 ሞተ። የቁጥር 14 የፊት ቤት ከሕጉ ውጭ ስለቀረ ሙዚየሙ የገዛው በ1990ዎቹ ነው። የሥዕል ክፍሉ ያን ሁሉ ዘመን ከሌላ ሰው ቤት ጀርባ ተቀምጦ፣ ጎብኚ የሚገባበት በቁጥር 13 በኩል ነበር።