ማን ይናገር? በድሮ ዘመን ላይ ስለሚጻፍ የግድያ ምስጢር ልቦለድ

በድሮ ዘመን ላይ የሚጻፍ የግድያ ምስጢር ልቦለድ አንባቢውን ገዳይ ፍለጋ ያስነሣዋል፤ ፍለጋው ግን በዚያው ዘመን ሰው ዓይን፣ አንደበትና ሕግ መካሄድ አለበት። ወደዚህ ሥራ አዲስ የሚገባ ጸሐፊ ቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄም ይኸው ነው። በጎንደር ዘመን መርማሪ ፖሊስ የለም፤ አስከሬን የሚመረምር ሐኪም የለም፤ የጣት አሻራ የሚያነሣ የለም። ታዲያ ገዳዩን ማን ያግኘው? የተለመደው ምክር ከዘመኑ የቀደመ አንድ ብልህ ሰው መፍጠር ነው። ይህ ሰው ጭቃ ላይ የቀረ ዱካ ያነባል፤ የሟቹን ጥፍር አይቶ መርዙን ይለያል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ሰብስቦ ያስረዳል። ምክሩ መጥፎ ነው። ሼርሎክ ሆምስን ኩታ አልብሶ ጎንደር ማስገባት ጎንደርን የመድረክ መጋረጃ ያደርጋታል፤ ታሪኩ ተነቅሎ ለንደን ቢተከል ምንም አይጎድልበትም።

የድሮ ዘመን ምስጢር ልቦለድን ካበለጸጉት መካከል በጥንታዊት ሮም ላይ የሚጽፉ ደራስያን ይገኛሉ። ሮም ነፍሰ ገዳይ አድኖ የሚይዝ መሥሪያ ቤት አልነበራትም። አውግስጦስ ቄሣር እ.ኤ.አ. በ6 ያቋቋመው የሌሊት ዘብ ዋና ሥራው እሳት ማጥፋት ነበር። ስለዚህ ሊንዚ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ያስተዋወቀችን ፋልኮ በክፍያ ወሬ እየለቀመ የሚኖር፣ የቤት ኪራይ የሚቸግረው ሰው ነው፤ የዘመኑ ሮም እንዲህ ያሉ ወሬ አቅራቢዎችን ታውቅ ነበርና። ስቲቨን ሴይለር እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተመው ልቦለድ ደግሞ ከእውነተኛ ክስ ይነሣል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ80 ወጣቱ ሲሴሮ አባቱን ገድሏል ለተባለው ለሴክስቱስ ሮስኪዩስ ጠበቃ ሆኖ ቆመ። ከክሱ ጀርባ የሟቹን ርስት በርካሽ የጠቀለለው ክሪሶጎኑስ፣ የአምባገነኑ የሱላ ነፃ የወጣ ባሪያ፣ እንዳለበት ተናገረ። ሲሴሮ ደም የነካው ቢላዋ አላቀረበም፤ ማን ተጠቀመ ብሎ ጠየቀ።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ61 የሮም ከተማ ሹም ፔዳኒዩስ ሴኩንዱስ በገዛ ባሪያው እጅ ሞተ። ጌታ በቤቱ ሲገደል በዚያ ጣሪያ ሥር የነበሩ ባሮች በሙሉ እንዲቀጡ የቆየ ልማድና ሕግ ያዝዝ ስለ ነበር፣ ሕዝቡ እየተቃወመ 400 ሰዎች ተገደሉ፤ ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ መዝግቦታል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ገዳዩን ለማወቅ ከማንም በላይ የሚቸኩሉት ነገ የሚሞቱት የቤቱ ሰዎች ናቸው። ጥድፊያው፣ ፍርሃቱ፣ መካካዱ ሁሉ የሚመነጨው ከሕጉ ነው። ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ከሮም ልቦለዶች መማር ያለበት ይህን ነው፤ ቶጋውንና መታጠቢያ ቤቱን ለእነሱ ይተውላቸው።

አክሱም የሮም ዘመነኛ ስለሆነች ብዙዎች እዚያ መጀመር ይወዳሉ። የአዱሊስ ወደብ፣ የዝሆን ጥርስ ንግድ፣ ከሜዲትራንያን የሚመጣ ወይን ጠጅ፣ የወርቅ ሳንቲም፤ ለዓይን የሚሆን ሞልቷል። ነገር ግን የአክሱሙ ንጉሥ የዒዛና የድንጋይ ጽሑፎች በብዛት የሚናገሩት ስለ ዘመቻ፣ ስለ ምርኮና ስለ አምላክ ነው። ሰው ሲገደል ማን ችሎት እንደሚቀመጥ፣ ምስክር እንዴት እንደሚምል ለልቦለድ በሚበቃ ዝርዝር አይገልጹም። ጸሐፊው ሕጉንም ከራሱ ካመጣ እንቆቅልሹንም መፍቻውንም ለብቻው ይዞታል፤ አንባቢው እኩል ሊፎካከረው አይችልም።

ጎንደር የተሻለች ናት፤ ወጥመድ ግን አላት። ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1706 ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ዙፋኑን ከያዘ በኋላ በጣና ደሴት ተገደሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተክለ ሃይማኖትም በሰው እጅ ጠፋ። ቀጥለው የነገሡት ቴዎፍሎስ የወንድማቸውን የኢያሱን ገዳዮች በሞት ቀጡ፤ ከተቀጡት አንዷ የተክለ ሃይማኖት እናት መለኮታዊት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1769 ደግሞ ዐፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደሉ። ይህ ሁሉ ደም ለምስጢር ልቦለድ የተዘጋጀ ይመስላል። ሆኖም ገዳዮቹ በጊዜውም የታወቁ ነበሩ። ከእንዲህ ያለው ታሪክ የሚወጣው የሥልጣን ሰቆቃ ነው፤ ያን መንገድ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ» በሌላ ንጉሥ ታሪክ ሄደውበታል። ራሳቸውን ለውጠው በሕዝቡ መካከል ይዘዋወሩ ነበር የሚባሉት ዐፄ በካፋ ደግሞ ለመርማሪነት የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ የሚመርጧቸውም ብዙ ናቸው። ንጉሥ ግን ደካማ መርማሪ ነው። ያወቀውን ለማንም ማስረዳት የለበትም፤ ልብሱን ቀይሮ ከተመለሰ በኋላ ማዘዝ ይበቃዋል። ማንንም ማሳመን የማያስፈልገው መርማሪ ያለበት ታሪክ ክርክር የለውም፤ ክርክር የሌለው ምስጢር ደግሞ ቶሎ ይሰለቻል።

የሀገሩ የራሱ መርማሪ አፈርሳታ ነው፤ አውጫጭኝም ይባላል። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰረቅ፣ ሰው ተገድሎ ሲገኝና አድራጊው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ተጠርቶ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። የታመኑ ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ እያንዳንዱ ምሎ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ ምስጢር የነገረው ሰው ማንነት እንዲሸሸግ ይደረጋል። ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። እርሻው ይቆማል፣ ከብቱ ጠባቂ ያጣል፣ ስንቅ ያልቃል። ወንጀለኛው ካልታወቀ ካሳውን አገሩ በሙሉ ያዋጣል።

ለልቦለድ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ሀብት የለም። በለንደኑ ዓይነት ታሪክ እውነቱ ለሁሉም የተደበቀ ነው፤ አንድ ብልህ ሰው ከዕቃ ላይ ያነበዋል። በአፈርሳታ እውነቱ በሰው ሁሉ መካከል ተከፋፍሎ ተቀምጧል። አንዷ በሌሊት ውሻ ሲጮህ ሰምታለች። አንዱ ጎረቤቱ በማለዳ ጋቢውን ሲያጥብ አይቷል። ሌላው ሟቹና ገዳዩ በድንበር መጣላታቸውን ያውቃል፤ ገዳዩ ግን የክርስትና ልጁ ነው። የሁሉም አፍ የታሰረው በተለያየ ገመድ ነው፤ በዝምድና፣ በብድር፣ በፍርሃት፣ በውለታ። ስለዚህ የታሪኩ ጥያቄ «ማን ገደለ?» ከሚለው ይልቅ «ማን ይናገር?» የሚለው ይሆናል። የመርማሪው ሥራም ገመዱን አንድ በአንድ መፍታት ነው። ለዚህ ሥራ ጸሐፊ ደብተራ፣ ሽማግሌዎቹን የሚያገለግል ልጅ፣ ከሌላ አገር ያገባች ሴት ይበቃሉ፤ ሊቅ መሆን አይጠበቅባቸውም። ምልክቶቹም ከሥርዓቱ ውስጥ ይወጣሉ። ሁሉም «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ ሲምል አንዱ «አላየሁም» ብቻ ብሎ ከተቀመጠ፣ ንቁ አንባቢ ያችን የጎደለች መሐላ ይይዛታል። መሐላ የሚፈራ ሰው በሐሰት ከመማል ይልቅ መሐላውን ያሳጥራል። ካሳው ገና ሳይተመን «እንክፈልና እንበተን» የሚለው ባለጠጋም እንዲሁ መታየት አለበት።

ሌባሻይን ግን በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል። በምኒልክ ዘመን ይሠራበት የነበረው ይህ ልማድ መድኃኒት የጠጣ ልጅ ወገቡ በገመድ ተይዞ እየሮጠ ገብቶ የወደቀበትን ቤት ባለቤት ሌባ ያደርገው ነበር። ጸሐፊዎች በሁለት ወገን ይሳሳቱበታል። አንዳንዱ ልጁ እውነቱን እንዲያገኝ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ምርመራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ሌላው ደግሞ ነገሩን ተራ ማጭበርበር አድርጎ ይስቅበታል፤ ያን ጊዜ የሚያምኑት ሰዎች ሞኞች ይመስላሉ። ትክክለኛው መንገድ ልጁ ከመሮጡ በፊት ያለውን ሌሊት መጻፍ ነው። ገመዱን ማን እንደሚይዝ፣ ከመያዣው ጋር ማን እንደተነጋገረ፣ ንጹሕ ሆኖ ሳለ በፍርሃት ቤቱን ጥሎ የሚሸሽ ማን እንደሆነ። ያ ሌሊት ከሩጫው ይበልጣል።

የማጠቃለያው ትዕይንት በላ ልበልሃ የሚባለው የድሮ ሙግት ነው። አጋታ ክሪስቲ ተጠርጣሪዎቹን ሳሎን ትሰበስባለች፤ እዚህ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት ቆመው በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዳሉ፤ ዋስ ይጠራሉ፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያዳምጣል። ተሟጋቾች በልብሳቸው ተቆራኝተው አብረው የሚሄዱበት ልማድም ነበር። ተከሳሹና ከሳሹ አንድ ላይ ተቋጥረው ዳኛ ፍለጋ ረጅም መንገድ ሲጓዙ፣ አንድ ምንጭ ሲጠጡ፣ አንድ ቤት ሲያድሩ፣ ጸሐፊው ሌላ ምን ይፈልጋል? የሁለት ሰዎች ሙሉ ምዕራፍ ሥርዓቱ ራሱ አዘጋጅቶ ሰጥቶታል። በምኒልክ ዋና ዳኛ በአፈ ንጉሥ ነሲቡ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የሚቆም ልቦለድ ይህን ትቶ የፈረንጅ ሳሎን ቢፈልግ ያሳዝናል።

ከዚህ ሥራ ጋር ዕድሜውን ያሳለፈ አንድ ጸሐፊ በአዲስ አበባ ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ይኖራል። ከልደታው ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ዘንድ ቁጭ ብሎ ባለጉዳዮች ሲያስጽፉ ማድመጥ ልማዱ ነው። ባለጉዳይ ከክሱ አይጀምርም፤ ከአያቱ፣ ከሠርጉ፣ ከአጥሩ ይጀምራል፤ ማመልከቻ ጸሐፊው «ወደ ነገሩ ግባ» ሲለው ይቆጣል፤ ለእሱ ነገሩ ያ ነውና። በሰፈሩ በአንድ ወቅት የዕድር ትልቅ ድስት ጠፍቶ ነበር። ሰብሳቢው አባላቱን ሰብስበው ጠየቁ፤ ማንም አልተናገረም። በየቤቱ ቡና ላይ ግን ወሬው ዞረ፤ ስም ሳይጠራ፣ ጣት ሳይቀሰር። አንድ ማለዳ ድስቱ ታጥቦ በዕቃ ቤቱ ደጃፍ ተገኘ። ማን እንደወሰደው ዛሬም በአደባባይ አልተነገረም፤ የማያውቅም የለም። ጸሐፊው አፈርሳታን ከመጻሕፍት ያጠናው ቢሆንም የገባው ያን ዕለት ነው። በልደታ አሮጌ መንደሮች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሲቆም፣ በአንድ ደረጃ የሚወጡ ሰዎች ስም ሳይተዋወቁ ሲኖሩ፣ ይህ የመንደር እውቀት አብሮ ይበተናል። ለእሱ ልቦለዱ ያን እውቀት የሚያስቀምጥበት ቦታ ሆኖለታል፤ ጎረቤቶቹን የሚወድበትም መንገድ ነው።

ለዝግጅት የሚያስፈልገው ንባብ ብዙ አይደለም፤ ጠለቅ ያለ መሆን ግን አለበት። የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» የቀድሞውን አስተዳደርና ሥርዓት ለሚፈልግ ቀዳሚው ነው። ፍትሐ ነገሥት ደግሞ በ51 አንቀጾቹ የመንፈሳዊውንም የሥጋዊውንም ፍርድ ይዟል። በ13ኛው ምዕት ዓመት ግብፅ ውስጥ በዐረብኛ ተሰናድቶ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ይህ መጽሐፍ በሥጋዊው ክፍሉ ከቢዛንታይን ሕግ የቀዳው አለ፤ በዚያም በኩል የጥንቷ ሮም ሕግ ርዝራዥ ጎንደር ችሎት ደርሷል። ሮምንና ጎንደርን ማገናኘት የሚመኝ ጸሐፊ በዚህ መጽሐፍ በኩል ይሂድ፤ የጠፋ ሮማዊ ወታደር ፈጥሮ ተራራ ማስወጣት አያስፈልገውም።

ገዳዩ በታወቀበት ገጽ ላይ የሚያልቅ ልቦለድ ግማሹን ትቷል። በቀድሞው ሥርዓት ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ውሳኔው ወደ ሟቹ ዘመዶች ይሄዳል፤ የደም ዋጋ ተቀብለው ይታረቃሉ ወይም ደሙ በደም እንዲመለስ ይጠይቃሉ። ካህናትና ሽማግሌዎች ድንጋይ ተሸክመው ይለምናሉ። በቤቱ ውስጥም ወንድም ደም ይላል፣ ሚስት ልጆቿን የምታሳድግበትን ታስባለች፣ እናት ዝም ትላለች። ይህ ክፍል ከምርመራው ያላነሰ ገጽ ይገባዋል፤ የሚከብደውም እሱ ነው። ከ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወዲህ የሚቆም ታሪክ ሌላ ሥራ ነው። እዚያ መርማሪና መዝገብ አለ፤ ክሱንም የሚያቀርበው መንግሥት ነው። ያን ዘመን የሚፈልግ ጸሐፊ ከአፈርሳታ ይልቅ የወንጀል ልቦለድ ደራሲውን ይልማ ሀብተየስን ይዞ ይጀምር።